ግማሽ ደቂቃ በገና ዋዜማ

የገና ዋዜማ ነው እንበል። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ሆኗል። እርስዎም ከመሥሪያ ቤትዎ ወጥተው፣ ወይም ተማሪ ከሆኑ ከቤት የተሰጠዎትን የዕቃ ዝርዝር በኪስዎ ይዘው፣ በአዲስ አበባ ካሉት ሱፐርማርኬቶች ወደ አንዱ ጎራ ብለዋል። ጥበቃው በበሩ ላይ ፈትሾ አሳለፈዎት፤ ቦርሳዎንም ተቀብሎ ቁጥር ሰጠዎት። ቅርጫት ቢፈልጉ ቅርጫት የለም፤ ጋሪ ቢፈልጉ ጋሪዎቹ ሁሉ በሰው እጅ ናቸው። ስለዚህ እንቁላሉን፣ ዘይቱን፣ የገበታ ቅቤውንና ለልጆች የሚሆነውን ብስኩት በክንድዎ ታቅፈው ከሰልፉ ጫፍ ላይ ቆሙ። ከፊትዎ 12 ሰዎች አሉ። ከድምፅ ማጉያው የፈረንጅ የገና ዘፈን ይሰማል፤ በመስኮቱ ላይ ከጥጥ የተሠራ በረዶ ተለጥፏል፤ ቀይ ካባ የለበሰው የገና አባት ደግሞ በበሩ አጠገብ ቆሞ በታኅሣሥ ፀሐይ ላቡን ይጠርጋል። ሰልፉ ግን አይንቀሳቀስም።

በዚያን ጊዜ ዓይንዎ ወዴት ይሄዳል? እኔ ልንገርዎት፤ የእኔም እንደዚያው ነውና። ከሰልፉ ራስ ላይ ወደ ተቀመጠችው ገንዘብ ተቀባይ ይሄዳል። «ምነው ይህች ልጅ እጇን ብታፈጥን!» ይላሉ በሆድዎ። ከኋላዎ የቆመው ሰው ደግሞ እርስዎ በሆድዎ ያሉትን በአፉ ይለዋል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው በዚያ ሰዓት በእርስዎና በዚያች ልጅ መካከል ስለሚሆነው ነገር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ እኔ በበኩሌ በአንድ የገና ዋዜማ በዚሁ ትንሽ ነገር አንዲት ሠራተኛ በድያለሁ፤ ታሪኩን ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ።

መቸም የዋዜማው ግርግር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የነቢያት ጾም ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ከ40 ቀን በላይ ስለሚቆይ፣ ጾመኛው ቤተሰብ በነዚያ ሳምንታት እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤና ሥጋ አይገዛም። ጾሙ የሚፈታው ግን ለሁሉም በአንድ ሌሊት ነው። ስለዚህ ለብዙ ሳምንት ሳይፈለግ የቆየው ዕቃ ሁሉ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በአንድነት ይፈለጋል። በዚህ ላይ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ቀን) ስለ ሆነ፣ በዓሉ የወር መጨረሻ በዓል ነው። የወር ደመወዝተኛው ቀደም ብሎ ልግዛ ቢል እንኳ በምን እጁ? ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ስለ ሰልፉ ደግሞ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ፤ ተማሪ አንባቢዎቻችን አይከፋቸውም። አንዲት ገንዘብ ተቀባይ ለአንድ ሰው በአማካይ 3 ደቂቃ ቢፈጅባት፣ በሰዓት 20 ሰው ታስተናግዳለች ማለት ነው። በሰዓት የሚመጣው ሰው ከ20 እስካነሰ ድረስ ችግር ያለ አይመስልም። ነገር ግን ሰው ወደ ሱቅ የሚመጣው በቀጠሮ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ አምስቱ ባንድ ላይ ይደርሳሉ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማንም የለም። አንዱ አንድ ዳቦ ብቻ ይይዛል፣ ሌላው ጋሪ ሙሉ ይገፋል። ይህን ዐይነቱን ነገር በሒሳብ መርምረው ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ፣ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ነው፤ ጽሑፉን ያወጣውም በ1909 እ.ኤ.አ. ነበር።

ከእርሱ ወዲህ በተስፋፋው ስሌት መሠረት፣ በሰዓት 15 ሰው ቢመጣ በሰልፉ ላይ በአማካይ 3 ሰው ይገኛል፤ እያንዳንዱም ከመሰለፍ እስከ መውጣት 12 ደቂቃ ይቆያል። 18 ሰው ቢመጣ ሰልፉ 9 ይሆናል፣ ቆይታውም ግማሽ ሰዓት። 19 ሰው ቢመጣ ግን ሰልፉ ራሱ 19፣ ቆይታውም አንድ ሙሉ ሰዓት ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ ከ18 ወደ 19 የተጨመረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰልፉ ግን ከእጥፍ በላይ አደገ። የዋዜማው ነገር እንዲህ ነው፤ ሠራተኛዋ ከትናንቱ አልሰነፈችም፣ እርስዎም ከትናንቱ የባሰ ትዕግሥት የለሽ አልሆኑም፤ ስንጥቅ የምታህለው ትርፍ ጊዜ ስለ ተደፈነች ብቻ ሁሉም ነገር ይቆማል።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንየው። እነዚያው 19 ሰዎች በየሰዓቱ ይምጡ። ነገር ግን እያንዳንዱ ከ3 ደቂቃው ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ቢያተርፍ፣ ልጅቷ በሰዓት 24 ሰው ታስተናግዳለች። ያን ጊዜ ሰልፉ ከ19 ሰው ወደ 4 ያህል ይወርዳል፤ ቆይታውም ከአንድ ሰዓት ወደ 12 ደቂቃ። ልጅቷ እጇን አላፈጠነችም፤ አዲስ ሠራተኛም አልተቀጠረም።

ይህች ግማሽ ደቂቃ የት ትጠፋለች ቢሉ፣ አንድ ቀን ሳይቸኩሉ ቆመው ይመልከቱ። አንዲት ወይዘሮ ሒሳቡ እስኪነገራቸው ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ፤ ሒሳቡ ሲነገራቸው ግን እንደ ደነገጠ ሰው «ውይ!» ብለው ቦርሳቸውን መክፈት ይጀምራሉ፤ ከቦርሳው ውስጥ ሌላ ቦርሳ፣ ከዚያም ውስጥ መሐረብ፣ በመሐረቡም ጫፍ ገንዘቡ ተቋጥሮ ይገኛል። አንድ ጎረምሳ በስልክ እየተነጋገረ ዕቃውን በአንድ እጁ አንድ በአንድ ያወጣል። አንድ ጌታ ደግሞ ዕቃቸው ሁሉ ከተመታ በኋላ «ሽንኩርት ረሳሁ፣ መጣሁ» ብለው ይጠፋሉ። በቴሌብር እከፍላለሁ የሚለውም የይለፍ ቁጥሩን ማስታወስ የሚጀምረው ከሳጥኑ ፊት ሲደርስ ነው። ከሁሉም የከፋው ከተመታ በኋላ «ይህንን ተዪው፣ ቀንሺልኝ» የሚለው ነው። በብዙ ቦታ ገንዘብ ተቀባይዋ የተመታውን ዕቃ በራሷ ሥልጣን መሠረዝ አትችልም፤ ተቆጣጣሪው ቁልፉን ይዞ እስኪመጣ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። እነዚህ ሁሉ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ከኋላቸው ሰው መኖሩን ለጊዜው የዘነጉ ሰዎች ናቸው።

ታዲያ ጥፋቱ የገዢዎች ሆኖ ሳለ ቁጣው ስለ ምን በአንዲት ሠራተኛ ላይ ይወርዳል? ይህ የሆነው ሱፐርማርኬት የተባለው ነገር በተፈጠረበት ጠባይ ምክንያት ይመስለኛል። የሰፈራችንን ባለሱቅ ያስቡ። እርስዎ ከመስኮቱ ውጭ ቆመው «ግማሽ ኪሎ ስኳር» ይላሉ፤ እርሱ ያመጣል፣ ይመዝናል፣ ይጠቀልላል፤ እግረ መንገዱንም የእናትዎን ጤና ይጠይቃል። ገንዘብ ቢጎድልዎ በዱቤ መዝገቡ ላይ ይጽፍልዎታል። ከሰውየው ጋር የሚገናኙት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነው። በ1916 እ.ኤ.አ. ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ አሜሪካዊ በቴነሲ ክፍለ ሀገር በሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን ሱቅ ሲከፍት ይህን ሥርዓት ለወጠው። ገዢው ራሱ ቅርጫት ይዞ በመደርደሪያዎቹ መካከል እየዞረ ዕቃውን እንዲያነሣና መጨረሻ ላይ በአንድ በር በኩል ከፍሎ እንዲወጣ አደረገ። ለሠራተኛ የሚከፈለው ገንዘብ ቀነሰ፣ የዕቃውም ዋጋ ረከሰ፤ ልማዱም ዓለምን አዳረሰ።

በዚህ ሥርዓት ግን ገዢው ሱቁን ሲዞር የሚረዳውም የሚያነጋግረውም ሰው አያገኝም። ዘይቱ ተወዶ ቢያገኘው በመደርደሪያው ላይ አይቆጣም። ቅርጫት ቢያልቅ፣ ሰው ቢጋፋው፣ የልጁ ብስኩት ቢጠፋ፣ ሁሉንም በሆዱ ይዞት ይዞራል። በመጨረሻ የሚያገኘው የመጀመሪያ ሰው ያችን ገንዘብ ተቀባይ ነው፤ ያውም ገንዘቡን ከኪሱ በሚያወጣበት ሰዓት። ዋጋውን እርሷ አልተመነችም፣ ዕቃውንም እርሷ አላመጣችም፣ የኔትወርኩም መጥፋት የእርሷ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ቤት ውስጥ ፊት ያላት እርሷ ብቻ ናት።

አሁን ወደ ራሴ በደል ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ የሱቁን ስም መጥራት አያስፈልግም። በገና ዋዜማ ማታ ዕቃዬን ገዝቼ ሒሳቡ 940 ብር ሆነ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲለወጡ የወጣው ባለ 200 ብር ኖት በኪሴ ነበርና ቆጥሬ ሰጠኋት። ልጅቷ ተቀብላ ቆጠረች፤ እንደገናም ቆጠረችና «ጋሼ፣ አራት ነው የሰጡኝ፤ 140 ይቀራል» አለችኝ። እኔ አምስት እንደ ሰጠሁ ርግጠኛ ነበርኩ። ከቤት ስወጣ አምስት ቆጥሬ ይዤ ነበርና ነው። «አምስት ነው የሰጠሁሽ» አልኳት። «አራት ነው፣ ይኸው» ብላ በእጇ ያለውን አሳየችኝ። እኔም «አንዱን ከሳጥኑ ከትተሽዋል» አልኩ። ይህን ቃል ያልኩት ጮክ ብዬ ነው። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ «ይሄኔ ለምደውታል» አለ። እርሱ ስለ እኔና ስለ ልጅቷ የሚያውቀው ምንም ነገር አልነበረም።

ተቆጣጣሪው መጣ። እውነቱን ለማወቅ አንድ መንገድ ነበረ፤ ይኸውም ሳጥኑን ዘግቶ፣ መሣሪያው የመዘገበውን ድምር አውጥቶ፣ በውስጡ ያለውን ገንዘብ መቁጠር። ይህ ቢፈጥን 15 ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። ተቆጣጣሪው ሰልፉን አየ፤ እኔንም አየ። ሽበት አለኝ፣ በዚያን ቀንም ከረባት አስሬ ነበር። ከረባቴ መሰከረልኝ መሰለኝ፣ «ስጫቸውና ይሂዱ» አላት። ልጅቷ አልተከራከረችም። 60 ብር መልስና ደረሰኙን በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። እኔም ድል እንዳደረገ ሰው ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ።

በበዓሉ ማግሥት ጠዋት ያንኑ ኮት ለብሼ መነጽሬን ስፈልግ፣ በደረት ኪሴ ውስጥ ለአራት የታጠፈ 200 ብር አገኘሁ።

ይህ 200 ብር ለእርሷ ምን ማለት እንደ ሆነ የገባኝ ስለ ሥራቸው ጠይቄ ከተረዳሁ በኋላ ነው። ገንዘብ ተቀባይ ጠዋት ለመነሻ የሚሆን ዝርዝር ተቆጥሮ ይሰጣታል። ማታ መሣሪያው የቀኑን ሽያጭ አትሞ ያወጣል፤ የወረቀቱ ድምርና የሳጥኑ ገንዘብ መግጠም አለበት። ትርፍ ቢገኝ ለድርጅቱ ይገባል። ጉድለት ቢገኝ ግን በብዙ ሱቆች ልማድ ከደመወዟ ይቆረጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ መቆረጡ ራሱም ያለ ሕግ ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት በዘፈቀደ የሚደረግ አይደለም። ነገር ግን ለሥራ የቸገራት ልጅ ስትቀጠር የፈረመችውን ወረቀት ሁሉ አንብባዋለች ብለው ያስባሉ? እንግዲህ እኔ በዋዜማው ማታ «አንዱን ከትተሽዋል» ስል ከሱቁ ሀብት የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር። የጠየቅሁት ከእርሷ እንጀራ ነበር።

ደግሞ ይህን ልብ ይሉልኛል። በተራ ቀን ቢሆን ተቆጣጣሪው ሳጥኑን ቆጥሮ እውነቱን ያወጣ ነበር። በዋዜማው ግን እውነትን ለመጠበቅ 15 ደቂቃ የሚታገሥ ሰው አልነበረም፤ ሰልፉ ፈረደባት። ለዚህ ነው የመክፈያውን ግማሽ ደቂቃ አስቀድመው ያተርፉ ማለቴ፤ ያተረፉትንም ገንዘቡን በምትሰጡበት ሰዓት እዚያው ያውሉት። ኖቱን በእጇ ላይ አንድ በአንድ እያኖሩ «200፣ 400፣ 600» ብለው ድምፅዎን አሰምተው ይቁጠሩላት። መልሱንም እርሷ እንዲሁ ትቁጠርልዎ። እኔ ያን ዕለት እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ አራተኛው ላይ ስደርስ እጄ ባዶ ይሆን ነበር።

ስለ አነጋገርም አንድ ነገር ልበል። ቋንቋችን በዚህ ነገር ከብዙ ቋንቋዎች ይልቅ ይጠነቀቃል። እንግሊዛዊ ለጌታውም ለአሽከሩም አንድ ቃል ይበቃዋል፤ እኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ የሚባሉ አሉን፤ ሳንመዝን የምናወጣው አንድም የለም። አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ እስቲ ይህን አንሺልኝ» ቢሉ «አንቺ» ማለታቸው የእናት ነው፤ ልጅቷም ደስ ብሏት ታነሣላቸዋለች። በዕድሜ እኩያዋ የሆነ ጸሐፊ «አንቺ! ቶሎ በይ እንጂ!» ቢል ግን ያው ቃል ጥፊ ይሆናል። «እርስዎ» ይበሏት ብዬ አላስቸግርዎትም፤ በዚያ ግርግር መካከል ሲያስቅ ይችላል። «እኅቴ» ይበቃል። ወንድ ቢሆን «ወንድሜ»። እንደ መጠጥ ቤት ማጨብጨብ፣ በጣት መጠቆም፣ ገንዘቡን በእጇ በመስጠት ፈንታ በጠረጴዛው ላይ መወርወር፣ እነዚህ ያለ ቃል የሚነገሩ ስድቦች ናቸው። ሽማግሌዎቻችን ዕቃ ሲያቀብሉና ሲቀበሉ በሁለት እጅ ያደርጉት የነበረው ለከንቱ አይደለም።

አንባቢያችን የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ደግሞ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከበዓሉ በኋላ እርስዎም ከመስኮቱ ወዲያ ይቀመጣሉ፤ ባለጉዳዩ ተሰልፎ ያይዎታል። ፋይሉ የጠፋው በመዝገብ ቤት ሆኖ ሳለ «ይህ ሰው ሆነ ብሎ ነው» ይልዎታል። አለቃዎ ያልፈረመውን ወረቀት እርስዎ እንደ ደበቁት ያደርገዋል። ያን ጊዜ የሚሰማዎት ስሜት እርሷ በዋዜማው ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማት ስሜት ነው።

ይህን ሁሉ ስል ግን የሱቅ ሠራተኞች እንከን የለባቸውም ማለቴ አይደለም። ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች በእርስዎ ራስ ላይ ስለ ትናንትናው ሠርግ ሲጫወቱ፣ እርስዎ በመካከላቸው እንደ ግንድ ቆመው መጠበቅ የለብዎትም። በመደርደሪያው ላይ የተጻፈው ዋጋ ሌላ፣ በመሣሪያው የወጣው ሌላ ሲሆን «እኔ ምን አገባኝ» ማለት መልስ አይደለም። ወረቀቱን የለጠፈችው እርሷ ላትሆን ትችላለች፤ የሚመለከተውን ሰው መጥራት ግን ሥራዋ ነው። ሳጥኑን የምትዘጋ ከሆነም ከመጨረሻው ሰው በኋላ «ተዘግቷል» የሚል ምልክት ታቁም እንጂ፣ ሩብ ሰዓት የቆመን ሰው ፊቱ ላይ ቆርጣ አትነሣ።

የማስቲካውንም ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። መልስዎ 3 ብር ቢሆን «ዝርዝር የለም» ተብለው ማስቲካ ወይም ከረሜላ በእጅዎ ያገኛሉ፤ አልተጠየቁም፣ አልፈቀዱም። እኔ ጥርሴ ማስቲካ የማይችል ሰው ነኝ፤ በመሳቢያዬ ውስጥ ያለው ማስቲካ ግን አንዲት ትንሽ ሱቅ ያስከፍታል። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው፣ በሱፐርማርኬት ውስጥ በባር ኮድ ተነብቦ የተሸጠው የመጀመሪያው ዕቃ ራሱ ማስቲካ መሆኑ ነው። ይህ የሆነው በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በትሮይ ከተማ፣ ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ.ም. (ሰኔ 26 ቀን 1974 እንደ ፈረንጆች) ነበር። ያን ጊዜ ማስቲካው በገንዘብ ተሸጠ፤ በእኛ ዘንድ ግን ራሱ ገንዘብ ሆነ። ሆኖም በዚህም ቢሆን ጥፋቱ ሁልጊዜ የልጅቷ አይደለም። ለዋዜማ የሚሆን ዝርዝር ከባንክ አስቀድሞ ማውጣት የባለቤቱ ሥራ ነው። ስድስት ሳጥን እያለው ሦስቱን ዘግቶ በግድግዳው ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብሎ የሚለጥፍ ባለቤት፣ ንጉሡንም ገንዘብ ተቀባይዋንም እያጣላ ነው። ያችን ልጅ አንድ ሰው ለሩብ ሰዓት ተክቶላት ሻይ እንድትጠጣ ቢደረግ፣ ትሕትናዋ እስከ መዝጊያው ሰዓት ይደርሳል።

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ እንዳይመስልዎ። ፈረንጆች ገናቸውን ታኅሣሥ 25 ቀን እንደ እነርሱ አቆጣጠር ሲያከብሩ፣ የእነርሱም ዋዜማ እንደ እኛው ነው። በአሜሪካ በ1899 እ.ኤ.አ. የገዢዎች ብሔራዊ ማኅበር ተቋቁሞ ፍሎረንስ ኬሊ የተባሉት ወይዘሮ መሪው ሆነው ነበር። በዚያን ዘመን ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ሱቆች እስከ ሌሊት ድረስ ክፍት ስለሚሆኑ፣ የሚሸጡት ልጃገረዶችና ዕቃ የሚያደርሱት ታዳጊ ልጆች እጅግ ይደክሙ ነበር። ማኅበሩ ለባለሱቆች ብቻ አልጮኸም፤ ወደ ገዢው ዞሮ «የገና ዕቃዎን አስቀድመው ይግዙ፤ በቀንም ቢሆን በጠዋቱ ይግዙ» እያለ ቀሰቀሰ። ዛሬ ነጋዴዎች ገበያቸውን ለማድመቅ የሚሉት «ቀደም ብለው ይግዙ» ያን ጊዜ ለሠራተኛው ከማዘን የተነገረ ቃል ነበር። በስኮትላንድ ደግሞ ነገሩ ከምክር አልፎ ወደ ሕግ ደርሷል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የሱቅ ሠራተኛን በሥራው ላይ ሳለ መምታትን፣ ማስፈራራትንና መሳደብን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። ከባሕር ማዶ ካሉት ወገኖቻችንም በዚሁ የሱቅ ሥራ ላይ የተሠማሩ አሉ። እነርሱ በፈረንጅ ገና ዋዜማ የሰው ቁጣ ሲቀበሉ ይውሉና፣ የራሳቸው ገና ሲደርስ ቀኑ በሚኖሩበት አገር ተራ የሥራ ቀን ይሆንባቸዋል።

እኛስ ቀደም ብለን እንግዛ ብንል? ደመወዙ እንደማያስችል ተናግሬያለሁ። ነገር ግን ከዕቃው ውስጥ የማይበላሽ አለ፤ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ቡናው፣ ሻማውና ሳሙናው ገናን አይጠብቁም። እነርሱን ከኅዳር ደመወዝ ላይ ቢገዙ ለዋዜማው የሚቀረው እንቁላሉና ቅቤው ነው፤ ያን ያህል ዕቃ ደግሞ በእጅ ይያዛል። በዋዜማውም ቢሆን ጠዋት ከሥራ በፊት የሚከፍት ሱቅ በሰፈርዎ አይጠፋም። ተማሪዎች በተለይ ቀን ክፍት ጊዜ አላችሁ፤ በ11 ሰዓት ከሠራተኛው ጋር መጋፋታችሁ ስለ ምን ይሆን?

ከሰልፉም ከገቡ በኋላ አንድ ዕቃ ብቻ የያዘ ሰው፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሽማግሌ ከኋላዎ ቢቆሙ ማስቀደም የቆየ ባህላችን ነው። በዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለኝ። ሲያስቀድሙ ዞር ብለው ከኋላ ያሉትን «ትፈቅዳላችሁ ወይ?» ይበሉ። የሚለግሱት የራስዎን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ የእነርሱንም ነው። እስከ ዛሬ እምቢ ያለኝ ሰው አልገጠመኝም፤ ሳይጠየቅ የተቀደመ ሰው ሲቆጣ ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የ200 ብሩን መጨረሻ ሳልነግርዎ ቀረሁ። በበዓሉ ማግሥት ወደ ሱቁ ሄድኩ። ልጅቷ የለችም፤ ተራዋ ከሰዓት በኋላ ነው አሉኝ። ገንዘቡን ለተቆጣጣሪው ሰጥቼ መሄድ እችል ነበር፤ እውነቱን ለመናገርም ይህንኑ ለማድረግ ቃጥቶኝ ነበር። ፊቷን ማየት ከበደኝ። ቤቴ ተመልሼ ምሳ በላሁና በ9 ሰዓት ደግሜ መጣሁ። ሱቁ ጭር ብሏል፤ የጥጡ በረዶ ከመስኮቱ ግማሹ ወድቋል። ከፊቴ ሁለት ሰዎች ነበሩና ተሰለፍኩ።

ተራዬ ሲደርስ ምንም ዕቃ አለመያዜን አይታ ግራ ገባት። ወዲያው ግን አወቀችኝ። ገንዘቡን በሁለት እጄ አቀረብኩላትና «እኅቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከኪሴ ውስጥ አገኘሁት፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ለመናገር ያሰብኩት ከዚህ የረዘመ ነበር፤ የቀረው ጠፋብኝ። ኖቱን ተቀብላ ጥቂት አየችው።

«አራት ጊዜ ነው የቆጠርኩት» አለች። «እርስዎ ፊት ሁለት ጊዜ፤ ማታ ሳጥኑን ስዘጋ ሁለት ጊዜ። ቤት ስገባም ምናልባት እኔ ይሆናል የተሳሳትኩት ብዬ ሳስብ አደርኩ።»

ተቆጣጣሪውን እንድጠራላት ጠየቀችኝ፤ ጠራሁት። እርሱም ጉድለት የተመዘገበበትን ወረቀት አምጥቶ በፊቴ ሠረዘውና እኔን በምስክርነት አስፈረመኝ። ከዚያ «ሻይ ልጋብዝሽ» ለማለት አፌን ስከፍት፣ እርሷ ከትከሻዬ በላይ አሻግራ ተመለከተችና «ቀጣይ!» አለች። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር።